ሐኪምና ሕመምተኛ ለምን ተራራቁ?

«ዶክተሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ወረቀቷን ጫር አደረገና ‹የሚቀጥለው!› አለ።» ይህን ቅሬታ ከወላጆቻችንም ከጎረቤቶቻችንም ደጋግመን እንሰማለን። ሕዝቡ በሐኪም ላይ ያለው እምነት እየሳሳ ነው። ታዲያ «ሕዝቡ ስላልነቃ ነው» ብለን ማለፍ አይገባንም።

የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ሕመምተኛው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ቀነስ፣ የምግብ ፍላጎቱ መለስ ሲልለት «ዳንኩ እኮ!» ብሎ ኪኒኑን ይተዋል። ተሐዋሲው ግን አልጠፋም፤ መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል፤ ቤተሰቡንም ይይዛል። ለምን 6 ወር እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው ቢያገኝ ኖሮ ባልተወው ነበር።

እርግጥ ነው፣ በር ላይ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሐኪሙም ሰው ነው፣ ይደክመዋል። ቢሆንም በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. የታየው፣ ከታቢዎች መንደር ለመንደር በእግር እየዞሩ ሕዝቡን ስላነጋገሩም ጭምር ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ለምን ብሎ የጠየቀንን ተማሪ «ዝም ብለህ ጻፍ!» ካልነው፣ ነገ ሐኪሙን ለመጠየቅ የሚፈራውን ሕመምተኛ፣ መልስ የማይሰጠውንም ሐኪም ያፈራነው እኛው ነን። እንግዲህ ከየክፍላችን እንጀምር!