የዶክተር ኩሽኔር ሁለት ዓይነት በሽተኞች

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኔ ዘመን ሰው ሰውየውን የሚያስታውሳቸው በአንድ ምስል ነው። ታኅሣሥ 1992፣ የሞቃዲሾ ባህር ዳርቻ። አንድ ፈረንሳዊ ሚኒስትር የሩዝ ጆንያ በትከሻቸው ተሸክመው ከውኃው ወደ አሸዋው ይራመዳሉ፤ ካሜራዎች ይከተሏቸዋል። ሩዙ የፈረንሳይ ተማሪዎች አንድ አንድ ኪሎ ያዋጡት ነበር። በአገራቸው ብዙ ተቀለደባቸው። ያኔ የሕግ ተማሪ የነበርኩት እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ጎረቤቶቻችን በረሃብ እየረገፉ ነበር፤ በጆንያው ውስጥ ያለው ደግሞ እውነተኛ ሩዝ ነው።

ዶክተር ቤርናር ኩሽኔር በ1939 በአቪኞ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ፤ የአባታቸው ወላጆች በናዚ ዘመን ወደ አውሽቪትስ ተወስደው አልተመለሱም። በ1968 በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ወጣቱ ሐኪም ከፈረንሳይ ቀይ መስቀል ጋር ወደዚያ ሄዱ። የቀይ መስቀል ሐኪም ያየውን በአደባባይ አይናገርም፤ ደንቡ ነው። ቀይ መስቀል ስለ ናዚ ካምፖች እያወቀ ዝም ማለቱን ያልረሱት ኩሽኔር ከጓደኞቻቸው ጋር ተናገሩ። በታኅሣሥ 1971 ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ተሰባስበው ድንበር የለሽ ሐኪሞችን አቋቋሙ። በ1979 የቬትናም ስደተኞችን ከባህር ለመርዳት መርከብ ይላክ አይላክ በሚለው ከማኅበራቸው ጋር ተጣልተው ወጡና በ1980 የዓለም ሐኪሞች የተባለውን ሌላ ማኅበር መሠረቱ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ደርግ በ1978 ዓ.ም. የፈረንሳዩን ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ ሲያባርር ነገሩ የኩሽኔር ሥራ የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አይደለም። ኩሽኔር ከወጡ ቆይተው ነበር፤ ማኅበሩን የሚመሩት ሮኒ ብራውማን ነበሩ። ለረሃብተኛው የመጣው እርዳታ ሕዝቡን በግዳጅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር እንደ ማጥመጃ እያገለገለ ነው ብለው ተናገሩ፤ ተባረሩ። ልዩነቱን ልብ ይሏል። የብራውማን ሐኪም መንግሥት ሲያስቸግረው ጮሆ ይወጣል። የኩሽኔር ሐኪም ደግሞ ሌላ መንግሥት አስከትሎ ይገባል።

ኩሽኔር ያነሱትን ጥያቄ የእኛ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። በገጠር ሌሊት ኡኡታ ከተሰማ ጎረቤት አጥር ዘሎ ይገባል፤ በር አንኳኩቶ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚለው ተረት በዚያች ሰዓት አይሠራም። በአደጋ ላይ ያለን ሰው እየቻሉ አለመርዳት በፈረንሳይ ሕግ ወንጀል ነው፤ በእኛም በንጉሡ ዘመኑ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ወንጀል ነው። ኩሽኔርና የሕግ ፕሮፌሰሩ ማርዮ ቤታቲ በ1987 ያቀረቡት ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነበር። ለግለሰብ ግዴታ የሆነው ለመንግሥታት ለምን ግዴታ አይሆንም? አገር የራሱን ሕዝብ ሲያስጨርስ አጥሩን መዝለል ለምን ወንጀል ይሆናል?

በ1988 ኩሽኔር የፈረንሳይ መንግሥት አባል ሆኑ። (ያ የሐኪሞች ማኅበር ለፈረንሳይ ካቢኔ ሰው በማቅረብ አይታማም፤ ከእሳቸው በፊት ክሎድ ማልሁሬ በ1986፣ ከእሳቸው በኋላ ዛቪዬ ኤማኑኤሊ በ1995 ገብተዋል።) በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በፈረንሳይ አቅራቢነት ውሳኔ ቁጥር 43/131ን አጸደቀ። ተማሪ ሆነን ስለዚህ ውሳኔ ስንከራከር አብዛኞቻችን ጽሑፉን አላነበብነውም ነበር። በኋላ ሳነበው የአገሮችን ሉዓላዊነት የሚያረጋግጥ ሆኖ አገኘሁት። የጣልቃ ገብነት መብት የሚል ቃል የለበትም። አጥሩ ላይ ቀዳዳ የተከፈተው በሚያዝያ 1991 የፀጥታው ምክር ቤት ስለ ኢራቅ ኩርዶች ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 688 ነው፤ እሱም ቢሆን ምዕራባውያን ጦር እንዲያዘምቱ በግልጽ አልፈቀደም። ወደፊት የተራመደው ሕጉ ሳይሆን ድርጊቱ ነበር።

ጎረቤት እሳቱን ካጠፋ በኋላ ወደ ቤቱ ካልተመለሰስ? የኩሽኔር ሐሳብ እውነተኛ ፈተና ሶማሊያ አልነበረችም፤ ኮሶቮ ናት። በሐምሌ 1999 ሐኪሙ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ልዩ ተወካይ ሆነው ፕሪሽቲና ገቡ። በዚያው ወር የወጣው ደንብ ቁጥር 1999/1 በኮሶቮ ያለው ሕግ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን፣ የዳኝነት አስተዳደሩ ጭምር፣ በተልዕኮው እጅ መሆኑንና በልዩ ተወካዩ እንደሚሠራበት ይደነግጋል። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት የሥልጣን ክፍፍል በአንድ አንቀጽ ታጠፈ ማለት ነው።

ሥራው ቀላል ነበር ለማለት አይደለም። ከተሞች ተቃጥለዋል፤ ሰርቦችና አልባኖች በአንድ ችሎት አይቀመጡም፤ አልባኖቹ ዳኞች በቤልግሬድ ሕግ አንፈርድም ብለው ስላመጹ ኩሽኔር በዓመቱ መጨረሻ ወደ 1989 ሕግ መለሷቸው። ሚትሮቪሳ በደም ስትታመስ ከውጭ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ አስመጡ። ከእሳቸው የተሻለ ማን ይሠራው እንደነበር አላውቅም። ነገር ግን ይለቀቅ የተባለን ተጠርጣሪ በአስተዳደር ትዕዛዝ በእስር ያቆዩበት ጊዜም አለ። በነሐሴ 2000 ደግሞ ደንብ ቁጥር 2000/47ን ፈረሙ። ተልዕኮውና ንብረቱ በማንኛውም ፍርድ ቤት አይከሰሱም። የኮሶቮ እንባ ጠባቂ በ2001 ያቀረበው ትችት ለማንም የሕግ ሰው ግልጽ ነው። ያለመከሰስ መብት ለዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሰጠው ከአስተናጋጁ መንግሥት ተጽዕኖ እንዲድን ነው፤ እዚህ ግን ድርጅቱ ራሱ መንግሥት ነው። ከማን ነው የሚድነው? ከሚያስተዳድረው ሕዝብ?

ይህ የመማሪያ ክፍል ክርክር እንዳይመስል አንድ ጉዳይ ላንሳ። በ1999 ጦርነቱ እንዳበቃ በሚትሮቪሳ የነበረው የሮማ ሰዎች፣ በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት፣ ሰፈር ተቃጠለ። ወደ 600 የሚጠጉት የተባበሩት መንግሥታት በአካባቢው ባዘጋጃቸው ካምፖች ተጠለሉ፤ ለጊዜው ተብሎ ነበር። ካምፖቹ የቆሙት ከትሬፕቻ ማዕድን ማውጫና ማቅለጫ አጠገብ፣ አፈሩ በእርሳስ ማዕድን በተበከለ ቦታ ነው። ሕፃናቱ እዚያ አፈር ላይ ይጫወታሉ። በነሐሴ 2000 ኩሽኔር የዝቬቻን ማቅለጫ በወታደር ታጅቦ እንዲዘጋ አደረጉ። ምክንያታቸው የሕዝብ ጤና ነበር፤ ሐኪም ሆነው ዝም ሊሉ እንደማይችሉ ተናገሩ። ትክክል ናቸው። ጭሱ ቆመ፤ ካምፖቹ ግን እዚያው ቀሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ለተልዕኮው የቀረበ ጥናት በካምፖቹ ነዋሪዎች ደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከፍተኛ መሆኑን አመለከተ። ኩሽኔር በጥር 2001 ሥልጣናቸውን አስረክበው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕዳ የተከታዮቻቸው ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች ከ10 ዓመት በላይ እዚያ ኖረዋል።

ኩሽኔር ወደ ፓሪስ ተመልሰው እንደገና የጤና ሚኒስትር ሆኑ። መጋቢት 4 ቀን 2002 የወጣው የበሽተኞች መብት ሕግ እስከ ዛሬ በፈረንሳይ በእሳቸው ስም ይጠራል፤ በእኔ እምነት ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ማንኛውም የሕክምና ድርጊት ታካሚው አውቆና ወዶ ካልተስማማ አይፈጸምም። ታካሚው የራሱን የሕክምና ማኅደር ራሱ ማየት ይችላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ በሕክምና ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሐኪሙ ባያጠፋም እንኳ በብሔራዊ ቢሮ በኩል ካሳ የሚያገኝበት መንገድ መዘርጋቱ ነው። ሐኪሙ ሁሉን ቻይ አይደለም፤ በሽተኛውም ዕቃ አይደለም ብሎ የሚነሳ ሕግ ነው። ከደንብ ቁጥር 2000/47 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። በመካከላቸው ሁለት ዓመት እንኳ የለም።

በግንቦት 2007 ኒኮላ ሳርኮዚ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው፤ የሶሻሊስት ፓርቲያቸው አባረራቸው። ይህን ዘመን ብዙ አልተርክም። በግንቦት 2008 ናርጊስ የተባለው አውሎ ነፋስ በበርማ ከ130 ሺሕ በላይ ሰው ሲገድልና ሲያጠፋ፣ ጄኔራሎቹም እርዳታ ሲከለክሉ፣ ኩሽኔር በ2005 መሪዎች የተቀበሉትን ሕዝብን የመጠበቅ ኃላፊነት ጠቅሰው የፀጥታው ምክር ቤት እርዳታው በግድ ይግባ እንዲል ጠየቁ። አልተሰሙም። እዚያችው በርማ ውስጥ ቶታል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የግዳጅ ጉልበት ተጠቅሟል የሚለውን ክስ የማይቀበል ሪፖርት በ2003 በክፍያ የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ተቃዋሚዎቻቸው አልረሱም። በታኅሣሥ 2008፣ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 60ኛ ዓመት ሲከበር፣ በመሥሪያ ቤታቸው የሰብአዊ መብት ሚኒስትር ዴኤታ እንዲኖር መጠየቃቸው ስህተት እንደነበር፣ በመብትና በአንድ አገር የውጭ ፖሊሲ መካከል የማያቋርጥ ግጭት እንዳለ ለጋዜጣ ተናገሩ። ብዙዎች ከሃዲ አሏቸው። ለእኔ ግን በሚኒስትርነት ዘመናቸው ከተናገሩት ሁሉ ሐቀኛው ይህ ነው፤ የዘገየው በ20 ዓመት ብቻ ነው። በኅዳር 2010 ከካቢኔ ወጡ።

ሐሳባቸው ግን እዚሁ አዲስ አበባም ደርሷል። የአፍሪካ ኅብረት መቋቋሚያ ሰነድ አንቀጽ 4(ሸ)፣ በላቲኑ ፊደል ተራ ስምንተኛው፣ ኅብረቱ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ባለበት አባል አገር ጣልቃ የመግባት መብት ይሰጠዋል። በታኅሣሥ 2015 የኅብረቱ የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት 5 ሺሕ ጦር ወደ ቡሩንዲ ይዝመት አለ። የቡሩንዲ መንግሥት እንቢ አለ፤ በጥር 2016 መሪዎቹ እዚሁ ተሰብስበው ዘመቻውን ተዉት። ፈቃድ ተጠየቀ ማለት ነው፤ የታካሚው ሳይሆን የአስታማሚው። አስታማሚው ደግሞ ራሱ የተጠረጠረው ነው። አጥር አይዘለል የሚሉ ወገኖቼ ለዚህ መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም።

አጥር ይዘለል የሚሉት ደግሞ ለሚትሮቪሳ መልስ ይስጡ። የካምፖቹ ሰዎች ለተባበሩት መንግሥታት የካሳ ጥያቄ አቀረቡ፤ ድርጅቱ በ2011 ጥያቄው ተቀባይነት የለውም አለ። ድርጅቱ ራሱ ያቋቋመው የኮሶቮ ሰብአዊ መብት አማካሪ ፓነል ጉዳዩን መርምሮ በየካቲት 2016 የነዋሪዎቹ መብት ተጥሷል፣ ጥፋቱ በይፋ ይታመን፣ ካሳም ይከፈላቸው አለ። ፓነሉ የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም። በግንቦት 2017 ዋና ጸሐፊው ጥልቅ ሐዘናቸውን ገለጹና መንግሥታት በፈቃዳቸው የሚያዋጡበት የአደራ ፈንድ አቋቋሙ። ፈንዱ ለአካባቢው ማኅበረሰቦች ፕሮጀክት የሚውል እንጂ በየስሙ ለተጎጂ የሚከፈል ካሳ አይደለም። በዚያ አፈር ላይ ይጫወቱ የነበሩት ሕፃናት ዛሬ ሙሉ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን ሰምቶ አልፈረደላቸውም።