ስለ ሎንዶን ጋዜጦች ቁጣ

በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የተማረ ሰው ከተማረ ሰው ጋራ በተቀመጠበት ስፍራ ከቡናው ጋራ የሚቀርብ አንድ ንግግር አለ። ይኸውም «በእንግሊዝ አገር ጋዜጣ የተቆጣ እንደ ሆነ ሚኒስትር ይወድቃል» የሚል ነው። ንግግሩ ሐሰት አይደለም። እንዲያውም ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር ምስክር ናት፤ በእርስዋ ምክንያት አንድ የእንግሊዝ ሚኒስትር በዘጠኝ ቀን ወድቋልና። ዳሩ ግን ሚኒስትሩ ከወደቀ በኋላ የሆነውን የሚተርክ ሰው በዚያ ቡና ላይ አይገኝም።

በ1928 ዓ.ም. በኅዳር መጨረሻ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒዬር ላቫል ጋራ በፓሪስ ተገናኝቶ ኢትዮጵያን በወረቀት ከፈለ። ኢጣሊያ ከትግራይና ከኦጋዴን ብዙ አገር እንድትወስድ፥ ከዚህም በላይ በደቡብ ያለው ሰፊ አገር ሕዝቧ የሚሰፍርበትና የምትነግድበት እንዲሆን፥ ኢትዮጵያ ደግሞ ወደ ባሕር የምታልፍበት ቀጭን መንገድ እንድታገኝ ተስማሙ። የደቡቡ አገር ወሰን ስምንተኛው የኬክሮስ መስመር ነበረ። ይህ መስመር በካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ እንጂ ወንዝ ወይም ተራራ የተከተለ አይደለም፤ ጅማን ወደ ደቡብ ጥሎ ጎሬን ለጥቂት በስተ ሰሜን ያስቀራል። ነቀምቴም ከመስመሩ የራቀችው አንድ ዲግሪ ያህል ነው። እንግዲህ የጅማው ነጋዴ ተሰጥቶ የነቀምቴው ነጋዴ ሲቀር፥ ከሁለቱ አንዱ የተሻለ በጎ ሥራ ስለ ሠራ አይደለም፤ ማስመሪያው ያረፈው እዚያ ስለ ሆነ ነው።

ምሥጢሩ ኅዳር 29 ቀን በፈረንሳይ ጋዜጦች ወጣ። በሎንዶን የተነሣው ጩኸት ታላቅ ነበረ። የሕዝብ እንደራሴዎች በደብዳቤ ብዛት ተጨነቁ። ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ለኢትዮጵያ በተሰጣት መንገድ ላይ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት እንደማይፈቀድላት በተሰማ ጊዜ፥ ታኅሣሥ 6 ቀን ባወጣው ጽሑፍ «የግመሎች መተላለፊያ» ሲል ቀለደበት። በሁለተኛው ቀን፥ ማለት ታኅሣሥ 8፥ ሰር ሳሙኤል ሥልጣኑን ለቀቀ። እስከዚህ ድረስ የነቀምቴው ተናጋሪ እውነቱን ነው።

ነገር ግን ቁጣው ስለ ማን ነበረ? ሰኔ 20 ቀን 1927 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሰላም ድምፅ የተባለው የሕዝብ ድምፅ ውጤት ሲነገር፥ ከ11 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ድምፁን ሰጥቶ፥ ከዚህም ውስጥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጠው አጥቂ መንግሥት በንግድ ማዕቀብ እንዲቀጣ ወዶ ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1928 ዓ.ም. ቦልድዊን የመንግሥታትን ማኅበር ሥርዓት እደግፋለሁ እያለ ምርጫውን አሸነፈ። ወር ሳይሞላ የፓሪሱ ወረቀት መጣ። ስለዚህ እንግሊዛዊው የተቆጣው «ኢትዮጵያ ተበደለች» ብሎ ከመሆኑ ይልቅ «እኔ ተታለልሁ» ብሎ ነው። በቤቱ የተሰረቀ ሰውና ጎረቤቱ የተሰረቀበት ሰው ድምፃቸው ከሩቅ ሲሰማ አንድ ይመስላል።

ማስረጃው ቀጥሎ የሆነው ነው። ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የኢጣሊያ መርከቦች የመተላለፊያውን ዋጋ እየከፈሉ ወታደር ያመላልሱ ነበር። በዚያው በጋ የመርዝ ጋዝ በሠራዊትና በገበሬ ላይ ሲወርድ የሎንዶን ጋዜጦች ጽፈዋል፥ አዝነዋልም፤ ስለዚያ ግን አንድም ሚኒስትር ወንበሩን አልለቀቀም። ሰር ሳሙኤልም ስድስት ወር ሳይሞላው፥ በግንቦት 28፥ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ። መርከቦቹን ስዊዝን እንዳይዘጉ የሚጠብቃቸው ሰው ከእርሱ የተሻለ አይገኝም ነበር። ሰኔ 3 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌን ማዕቀቡን ማቆየት የበጋ አጋማሽ ዕብደት ነው ብሎ ተናገረ። በሎንዶን በጋ ሲሆን በወለጋ ክረምት ነበረ፤ ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ።

ወሬው ራሱ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረም መታወቅ አለበት። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ከመቶ የሚበልጡ የውጭ አገር ጋዜጠኞች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ገና ያልተጀመረውን ጦርነት ይጠብቁ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ በሰፊ የኢትዮጵያ ምድር ላይ ነዳጅ የማውጣት ውል ሲዋዋል፥ ወሬውን ከእንግሊዞች የዴይሊ ቴሌግራፉ ሰር ፐርሲቫል ፊሊፕስ አገኘው፤ የዴይሊ ሜይሉ ኢቭሊን ዎ ግን ከከተማ ወጥቶ ስለ ነበረ አመለጠው። ዎ ወሬው ቢያመልጠው ጊዜ ቆይቶ ስለ ጋዜጠኞች ውሸት የሚያስቅ ልብ ወለድ ጻፈ፤ አገሪቱንም ኢሽማኤሊያ ብሎ ስም አወጣላት። እንግሊዞች በዚያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በራሳቸው ጋዜጠኞች ይስቃሉ፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። ኢሽማኤሊያ የተባለው ሕዝብ ግን በዚያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ወለጋ ከዚህ ሁሉ ምን አገኘች? የወለጋ ሰው እንግሊዝን በጋዜጣ ሳይሆን በጋምቤላ ሚዛን ያውቀው ነበር፤ ከ1894ቱ ውል ጀምሮ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ ይዘው የምዕራቡን ቡና ወደ ካርቱም ይጭኑ ነበርና። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ የነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔርና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ መኳንንት ኅብረት አቁመው፥ በመንግሥታት ማኅበር ፈቃድ በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንተዳደር ብለው በጎሬ በነበረው በእንግሊዝ ቆንሲል በካፒቴን ኧርስኪን በኩል ለመኑ። ስለዚህ ልመና አንዳንዱ ክህደት ይለዋል፥ አንዳንዱም ብልሃት። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ልመናው የተላከበት ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን፥ ሰኔ 20 ቀን፥ የሰላሙ ድምፅ በተነገረ ልክ በዓመቱ፥ የጥቁር አንበሳ አርበኞች ከነቀምቴ አጠገብ በቦናያ የኢጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ገደሉ። በእጁ ያለውን ያደረገ ነበረ፤ በሎንዶንም የታመነ ነበረ። ሎንዶን ልመናውን አልተቀበለችም።

በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። በዚያው ወር መጨረሻ የሎንዶን ጋዜጦች እንደ ገና ታላቅ ጩኸት ጮኹ፤ ንጉሣቸው ኤድዋርድ ባል የፈታችን ሴት ሊያገባ ነውና። ማንንም አንፈራም የሚሉት እነዚህ ጋዜጦች ነገሩን እያወቁ ለወራት ተስማምተው ዝም ብለው ነበር። ንጉሡ ዙፋኑን ለቀቀ። ራስ እምሩም በዚያው በታኅሣሥ ለጠላት እጃቸውን ሰጡ፤ ከሁለቱ ወሬዎች የትኛው ሰፊ ስፍራ እንዳገኘ መናገር አያሻም።

የሚከራከር ሰው ጆርጅ ስቲርንና ሲልቪያ ፓንክረስትን ይጠራል። በውነቱ የሚጠሩ ናቸው። ስቲር የኢትዮጵያን መከራ በታይምስ በታማኝነት ጽፎ በኢጣሊያኖች ተባረረ። ነገር ግን ሲልቪያ ፓንክረስት የራስዋን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማቋቋም ለምን አስፈለጋት? የታላላቆቹ ጋዜጦች ቁጣ ቢበቃ ኖሮ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ባልተወለደም ነበር። እርስዋ አዲስ አበባ በተያዘችበት ቀን ጀምራ፥ እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ግዛት ባወቀች ጊዜም ሳታቋርጥ ሃያ ዓመት ጻፈች። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ቀን በአዲስ አበባ አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች። ከጩኸቱ በኋላ የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ነው፤ ቍጥሩም ጥቂት ነው።

ዛሬ ሎንዶን ለወለጋ በአፏ ትናገራለች፤ ቢቢሲ በ2010 ዓ.ም. መባቻ በአፋን ኦሮሞ፥ በአማርኛና በትግርኛ ሥራ ጀምሯልና። ይህ መልካም ነው። ክፉው ነገር «ቢቢሲ ተናገረ» ማለት በነቀምቴ «ተፈጸመ» እንደ ማለት መቈጠሩ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋ ጊዜ ነገሩ በውጭ አገር ተጽፏል፥ ተነግሯልም። ሳይሰሙት የቀሩት ወሬው ስለ እነርሱ የተነገረላቸው ብቻ ነበሩ።

የወለጋ መኳንንት በ1928 የለመኑት ልመና ከቆንሲሉ ደብዳቤዎች ጋራ በሎንዶን፥ ኪው በሚባል ስፍራ፥ በእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ ቤት ተቀምጧል። አያቶቹ ምን ብለው እንደ ለመኑ ለማንበብ የሚሻ የነቀምቴ ልጅ ቢነሣ፥ አስቀድሞ ቪዛ እንዲሰጠው ለዚያው መንግሥት ሁለተኛ ልመና ይጽፋል።