«ምን ነክቷቸው ሰጡ?»

አብነት፣ እኛ ሰፈር፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ ልበላቸው። አምና ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ያጠራቀሙት ገንዘብ በአንድ የስልክ ጥሪ አለቀ። ባንኮች «ፋይዳን ከሒሳባችሁ ጋር አገናኙ» የሚሉበት ሰሞን ነበር። ደዋዩ በሙሉ ስማቸው ጠራቸው፣ የባንካቸውን ስም ነገራቸው፣ «ፋይዳዎ ስላልተገናኘ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው። አነበቡለት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ያልነው አንድ ነገር ነው፦ «ምን ነክቷቸው ሰጡ?»

ይህን ጥያቄ አሁን ጠልቼዋለሁ። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩት መስጠትን ነው። ቀበሌ ሲጠይቃቸው ይሰጣሉ። ሲም ካርድ ሲያወጡ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሒሳብ ሲከፍቱ የመታወቂያ ኮፒ። አንድ ሕንፃ ሲገቡ ጥበቃው ስማቸውንና ስልካቸውን ደብተር ላይ ያጽፋቸዋል፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ያነበዋል። ኮፒው የት እንደሚገባ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከተክለ ሃይማኖት ወደ አብነት ስመጣ የገዛሁት ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገለጥ ባደርገው የሰው መታወቂያ ኮፒ ነው፦ ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥር፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ ሳይቀር። ቆሎውን በላሁ፣ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

ደዋዩስ ስማቸውን ከየት አመጣው? ጠንቋይ መሆን አላስፈለገውም። የእትዬ ሱቅ ግድግዳ ላይ የባንኩ ስም፣ የሒሳብ ቁጥራቸው፣ ሙሉ ስማቸውና ስልካቸው በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። ደንበኛ እንዲከፍል ነው። የእያንዳንዱን ሱቅ ግድግዳ እዩ፤ እንዲሁ ነው።

ትልልቆቹስ ምን አስተማሩን? በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተበላሽቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ገንዘቡ መመለስ ነበረበት፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ባንኩ አልመለሱም ያላቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ስማቸውን ከነሒሳብ ቁጥራቸው ለአገር ይፋ አደረገ። ፍርድ ቤት ሳይሆን ባንክ! ብዙዎቻችንም አጨበጨብን። የሒሳብ ቁጥርና ስም እንደ መቅጫ አደባባይ የሚሰጣበት አገር ውስጥ እትዬን «ምስጢር ጠብቂ» የምንለው በየትኛው አፋችን ነው?

በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል ይላል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጥሩ ሕግ ነው። የሕንፃው ጥበቃ ደብተር ግን ዛሬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

ጥንቃቄ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በመልእክት የሚመጣው ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው፤ ባንክም ቢሆን ደውሎ አይጠይቅም። ቴሌግራም ላይ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚለውን ሊንክ ነክቶ፣ ከዚያ የመጣለትን ቁጥር ያስገባ ሰው አካውንቱን አስረክቧል፤ በማግስቱ በእሱ ስም ለወዳጆቹ «ብር ላኩልኝ» ይባላል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዛሬውኑ አስገቡ። ይህን የማንበብ ዕድል ያለን እኛ ነን። ለእትዬ የደረሳቸው መልእክት ግን በእንግሊዝኛ ነበር። «ለማንም አይስጡ» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ መኖሩን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ።

የባሰውን ልናገር። የባንኩን መተግበሪያ ስልካቸው ላይ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ምስጢር ቁጥሩንም የመረጥኩት እኔ፣ እንዳይረሱትም ካላንደራቸው ጀርባ ላይ የጻፍኩት እኔ። ለሌላ ሰው ቁጥር መስጠት ችግር እንደሌለው በገዛ እጄ አስተማርኳቸው ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ከሌላው ጋር ቆሜ «ምን ነክቷቸው?» አልኩ።

ባንኮች በእርግጥ ለደንበኛ የሚያስቡ ከሆነ ኮዱን በሚያነቡት ቋንቋ ይላኩላቸው፤ በመጀመሪያው መስመር ላይም «ይህ ቁጥር ገንዘብዎን ያወጣል» ብለው ይጻፉ። በአዲስ ስልክ የተከፈተ ሒሳብ በዚያው ደቂቃ ባዶ እንዳይሆን ጥቂት ሰዓት ያቆዩት። ይህ ከማስታወቂያ ቢልቦርድ የሚወደድ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ «እትዬ፣ ስልክዎን እንኳ ከግድግዳው ላይ እናንሳው» አልኳቸው። ሽሮ እየሰፈሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«የላከልኝ ደንበኛ በምን ይደውልልኝ ታዲያ?»