ለአምባዛ የሚሆን መንጠቆና ክር ስለ መምረጥ

በጣና ሐይቅ ዳር መንጠቆ የሚገዛ ዓሣ አጥማጅ አስቀድሞ ዋጋውን ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «የትኛውን ዓሣ፣ በምን መጠን ላጠምድ ነው?» የሚለው ነው።

ቆሮሶ በአብዛኛው ጥቃቅን የውኃ ዕፀዋት የሚመገብ በመሆኑ ለእርሱ የሚሻለው መረብ ነው። አምባዛ ግን ሥጋና ትናንሽ ዓሣ ስለሚበላ በመንጠቆ በቀላሉ ይያዛል። አፉም ሰፊ ስለሆነ ትልቅ መንጠቆ ይስማማዋል።

ትንሽ መንጠቆ ብዙ ያስይዛል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጫጩቱንም ጭምር ይይዛል። ሳያድግ የተያዘ አምባዛ ለከርሞ እንቁላል አይጥልም። ስለዚህ ገቢው ለጊዜው ቢቀንስም ትልቁን መንጠቆ እንመርጣለን።

ክሩም የትልቁን ዓሣ ጉልበት የሚችል ይሁን። ቀጭን ክር ሲበጠስ አጥማጁ ዓሣውንም መንጠቆውንም ያጣል። ከሥራ በኋላ መንጠቆውን አጥቦ ማድረቅ፣ የዶለዶመውንም በሞረድ መሳል ይገባል።

አምባዛ የሚራባው በክረምት፣ ውኃ በሸፈነው የሐይቅ ዳርቻ ነው። በመሆኑም በዚያ ወቅት ከዳር መንጠቆ ባይጣል፣ የሚጠቀመው ራሱ አጥማጁ ነው እንላለን።