ማርሚታ ቆርጦ ጉልበት አይገኝም

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ገና ሳይታይ ይሰማል። ማርሚታው ተቆርጦ በቦታው ቀጥ ያለ ቧንቧ ተበይዷል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ የሰፈሩ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ መኪናው ግን እንደ ድሮው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ሰውየው ለብየዳው ከፍሎ ያገኘው ነገር ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ሲጨምር ግን ጉልበትም የጨመረ ይመስለዋል፤ ይህ ንግድ ደግሞ የቆመው በዚሁ መምሰል ላይ ነው።

ንግዱ እንዲህ ይሠራል። «መኪናዬ አይጎትትም» ብሎ ጋራዥ ለሄደ ሰው መለኪያ የሚያወጣለት የለም። ከሥር ጎንበስ ይባልና «ጭሱ ታፍኗል፣ ማርሚታውን እንክፈተው፣ ካታሊስቱንም እናውጣው፣ ነዳጅም ይቀንስልሃል» ይባላል። የነዳጅ ዋጋ እያሻቀበ ባለበት ሰዓት ይህችን የመጨረሻዋን ቃል የሚቋቋም ሹፌር ጥቂት ነው።

ሞተሩ ለምን እንደደከመ ግን ከማርሚታው በፊት መልስ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ የሚስበው አየር የሳሳ ስለሆነ ወደብ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። የጠፋው ወደ ሞተሩ የሚገባ አየር ነው፤ የሚወጣው ጭስ መንገድ ቢሰፋለት የሰማዩ አየር አይወፍርም። ደህና የሆነ ማርሚታና ካታሊስት ከተራ መኪና ላይ ቢወገዱ የሚገኘው ትርፍ፣ ከተገኘ፣ ጥቂት በመቶ ነው። 12 ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሹፌር ያን አይሰማውም።

ከከፍታው ውጭ ያለው ድካምም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። አቧራ የጠጣ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ የተበላ ፍሪሲዮን፣ የወረደ ኮምፕሬሽን። እነዚህን መፈተሽ ጊዜና እውቀት ይጠይቃል። ለመቁረጥ ግን ፍሌክስና የብየዳ ማሽን ይበቃል።

አንዳንድ ጊዜ ካታሊስቱ በእውነት ይዘጋል። ያልነደደ ቤንዚን ወይም ዘይት እየደረሰው ውስጡ ይቀልጥና መተንፈሻ ያሳጣል። ይህን ለማወቅ የኦክስጅን ሴንሰሩን ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ማስገባት ይበቃል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከተዘጋም የዘጋው ምክንያት ሞተሩ ውስጥ አለ። ዘይት የሚበላ ሞተር ይዞ ካታሊስት አውጥቶ መሄድ፣ ትኩሳት ሲይዝ ቴርሞሜትሩን እንደ መስበር ነው።

ለዚህ ሥራ ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ቪዲዮ ነው። እዚያ እንደ ቤት የሚኖርባቸው ትልልቅ መኪኖች አሉ፤ ብዙ ቶን የሚመዝኑ፣ የቀድሞዎቹ በ7.4 እና በ7.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር የሚጎተቱ። የእነዚያ ሞተሮች ችግር እውነተኛ ነበር። ከሞተሩ ጭሱን የሚሰበስበው ወፍራም ብረት ጠባብ ነው፤ ረጅም ዳገት ላይ እየጋለ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ያንን ብረት በተለኩ ቱቦዎች፣ የኋላውንም ቧንቧ በሰፊ ቀየሩትና ዳገት ላይ ለውጥ አገኙ። ቪዲዮውን የሚያሳየው ሰው ግን ግማሹን ይተወዋል። ያ ሥራ ለዚያ ሞተር ተለክቶ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ማርሚታም ካታሊስትም በቦታቸው ይኖራሉ። ካታሊስት ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኛው የአሜሪካ አዲስ መኪና ላይ የተገጠመ ሲሆን እሱን ማውጣት በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል። ከዚያ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ የመጣው መቁረጡ ብቻ ነው።

የወጣው ካታሊስትስ የት ይሄዳል? ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ ገዢም አለው። «በነፃ እናወጣልሃለን» ሲባል ደስ የሚለው ባለመኪና፣ ከመኪናው ውድ ዕቃዎች አንዱን በስጦታ አስረክቦ እንደወጣ አያውቅም። ኋላ የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት በርቶ ይቀራል። ብየዳው ከሴንሰሩ በፊት አየር የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ነዳጅ አነሰ ብሎ ይጨምራል። ነዳጅ ይቀንሳል የተባለው መኪና የባሰ ይጠጣል።

የናፍጣ መኪና ላይ ሊባል የሚገባው እውነት አለ፤ ቱርቦ ላለው ሞተር ከቱርቦው በኋላ ያለው ቧንቧ መስፋቱ ይረዳል። ነገር ግን አይሱዙው ላይ አብሮ የሚደረገው ፖምፓ መክፈት ነው። ከኋላው የሚተፋው ጥቁር ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ባለቤቱ ገንዘቡን እያቃጠለ እንኳ አይደለም፣ እየበተነ ነው። ዓባይ በረሃን የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ብዙዎቹ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳይግል ጭሱን በማፈን የሚያግዝ ክዳን ቧንቧው ላይ አላቸው። ቧንቧውን እንደፈለገ የቆረጠ በያጅ ያንንም ሊያጠፋው ይችላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ካታሊስት የሌለው የቤንዚን መኪና ካርቦን ሞኖክሳይዱን እንዳለ ይለቀዋል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በመጥፎ ብየዳ ከወለሉ ሥር የሚያፈስ ቧንቧ ይህን ጋዝ መስኮቱ ወደተዘጋው ሚኒባስ ውስጥ ያስገባል። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው። ማታ ራሱን ሲያመው በድካም ያሳብባል። ታክሲ ተራ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ ስለ ጉልበት የጠየቃት የለም፤ ጭሱን ግን ትካፈላለች።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል የጠቀሰው የነዳጅ ወጪን ነው፤ አየሩም ይጸዳል ተብሎለታል። ይሁን። የገቡት ግን አሉ፤ አዲስ ስለማይተካቸውም ከቀድሞው በላይ ዕድሜ ይቆያሉ። እነዚህን መኪኖች በየዓመቱ የሚያይ ምርመራ አለ። ያም ሆኖ ጥላሸት የሚተፋ አይሱዙ አዲስ ቦሎ መስታወቱ ላይ ለጥፎ መንገድ ላይ ይታያል። መርማሪው ጭሱን አልለካም ወይም ለክቶ አልፎታል፤ ሦስተኛ መልስ የለም። ካታሊስት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የእጅ ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር ማጎንበስ ይበቃል። ቦሎ ከመለጠፉ በፊት ያ ይደረግ፤ ያስወጣው ሰው መልሶ ይግጠም፤ ያወጣውም ጋራዥ ፈቃዱን ይዞ ይጠየቅ።