ከጓሮ እስከ ጓዳ፦ ኮባ ይበላል ወይ?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የጎመን ዘር እንዴት እንደሚያዝ ጽፈን ነበር። ዛሬ የምናነሳው በአንድ ጥግ መሬት ላይ ስለተነሳ ክርክር ነው። ተከራካሪዎቹ እኛው ነን፤ ባልና ሚስቱ።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ነው። ሰፈራችን ሽሮ ሜዳ ይባላል። የእንጦጦ ተራራ ከራሳችን በላይ ነው። ግቢያችን ወርዱ አራት እርምጃ፣ ቁመቱ ስድስት እርምጃ ነው። ከዚያ ላይ የውሃ በርሜሉ፣ የልብስ ማስጫውና የዶሮዎቹ ቆጥ ቦታ ይወስዳሉ። ለተክል የሚተርፈው አንድ ጥግ ነው። ሁለትና ሦስት ጥማድ የምታርሱ አንባቢዎቻችን ሳትስቁብን አትቀሩም። ሳቁ፤ ግን እስከ ታች አንብቡን።

ባል "ጌሾ እንትከልበት" አለ። ሚስት "የለም፣ እንሰት ይሁን" አለች።

"እንሰት? ኮባ ማለትሽ ነው?"

"አዎ፣ ኮባ።"

"ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉ ከገበያ ይገዛል እኮ!"

"ለቅጠሉ አይደለም። ለመብላት ነው።"

ሁለታችንም የተወለድነው በሰሜን ሸዋ ነው። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የሚጋግሩት በኮባ ቅጠል ነበር። ግንዱን ግን የሚነካው አልነበረም። ይበላል ብሎ ያሰበም የለም።

ያስተዋወቁን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። የአገር ልብስ የሚገዛ ሁሉ ሰፈሩን ያውቀዋል። ለመስቀል በዓል ጎረቤታችን እማማ ጠሩን። "ልጆቼ፣ ግቡ፣ የቤቱን ቅመሱ" አሉን። የቀረበልን ቆጮ ነበር፤ በስሱ ተጋግሮ፣ ከማርና ከዳጣ ጋር። ዳጣ ማለት ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከሌላ ቅመም ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያ ነው። እሳት ነው!

እውነቱን እንናገር። ቆጮ ሽታው እንደ ቆየ ሊጥ ነው። ባል አፍንጫውን ሊይዝ ሲል ሚስት በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ከዚያ ቀመስን። መጀመሪያ ኮምጠጥ ይላል። በማር ሲበላ ግን ሌላ ነው። በጎመን ሲበላ ደግሞ ከእንጀራ አያንስም፤ በእኛ አፍ ማለት ነው። ባል ሦስተኛውን ቁራሽ ያነሳው ማንም ሳይለምነው ነው።

አሠራሩን እማማ ነገሩን። እንሰቱ ከተተከለ አራት፣ አምስት፣ በብርድ አገር ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ይቆረጣል። ግንዱ ይፋቃል፤ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሩ ይከተከታል። ይህ ሁሉ በራሱ በእንሰቱ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። እዚያ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ ይጋገራል። ሲፋቅ የሚወርደው ውሃ ሲዘቅጥ ደግሞ ነጭ ነገር ከታች ይቀራል። ያ ቡላ ነው። የቡላ ገንፎ ለአራስ ይሰጣል። ሥሩ እንደ ድንች ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። ከተፋቀው ግንድ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው፤ ገመድ ይሠራበታል።

ሚስት እንሰቱን የፈለገችው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ እህሉ ማሳው ላይ ደርቆ ቀረ። ስንቱ ሰው እንዳለቀ እናንተም ታውቃላችሁ። የጤፍ ዋጋ በወጣ ቁጥር ያ ዘመን ትዝ ይላታል። እንሰት ግንዱና ሥሩ ውስጥ ውሃ ይይዛል። አንድ ክረምት ዝናብ ቢቀር ቶሎ አይሞትም። ደግሞ እንደ እህል የአጨዳ ወር የለውም። በቸገረ ጊዜ ይቆረጣል። በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከእንሰት ምግቡን ያገኛል ይባላል።

የሰሜን ሰው በልቶት አያውቅም እንዳትሉ። ጀምስ ብሩስ የሚባል የእስኮትላንድ ተጓዥ ከ250 ዓመት በፊት ወደ ጎንደር መጥቶ ነበር። ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ባለው አገር ሰዎች እንሰት ተክለው ሲበሉ አይቶ በመጽሐፉ ጽፏል። ሥዕሉንም አትሞታል። እንግዲህ በዚያ አገር ያለ ገበሬ ዛሬ ኮባውን ለዳቦ ብቻ ሲቆርጥ፣ የአያት ቅድመ አያቱን ምግብ እያለፈ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አለ። ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ገንቢነቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከአይብ፣ ከባቄላ፣ ከጎመን ጋር መበላት አለበት። ሕፃን ልጅ በቆጮ ብቻ አያድግም።

ወደ ባል እንመለስ። ያገባንበትን ቀን ለማሰብ በዓመት አንድ ጠርሙስ የወይን ጠጅ እንገዛለን፤ ከርካሾቹ መርጠን። አንድ ዓመት ጉደር ገዛን። ቀይ ነው፣ አፍ ይይዛል። በሌላው ዓመት አክሱማይት ገዛን። እሱ ጣፋጭ ነው፤ ሚስት ወደደችው። ሁለቱም ያገራችን ናቸው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዝዋይ፣ ማለትም በባቱ፣ ከተተከለ ወይን የሚጠመቅ አለ። እሱን ገና አልደረስንበትም። በአንድ ጠርሙስ ዋጋ ስንት እስር ጎመን እንደሚገዛ ሚስት ቆጥራለች። ቁጥሩን እዚህ አንጽፈውም፤ ባል ያነበዋል።

ባል ታዲያ "ጠጅ በቤታችን እንጣል" አለ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ይበረዛል። እንስራው በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ብርዙ መፍላት ሲጀምር የጌሾ እንጨት ይገባበታል። በሦስት ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ማሩ ውድ ነው፤ ይህ አይካድም። ጌሾው ከጓሮ ከመጣ ግን አንድ ወጪ ቀረ። ጌሾ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ጥጉ ግን አንድ ነው። ሦስት ቀን ተኮራረፍን ብንል ውሸት አይሆንም።

በመጨረሻ እንሰቱ መሬቱን አገኘ። ሲያድግ ከጣሪያ በላይ ስለሚሆን ጥላው ከባድ ነው። ስለዚህ በሰሜኑ አጥር ሥር ቆፈርንለት። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላው ወደ መንገዱ ይወድቃል። ፍጉን የሰጡን እማማ ናቸው፤ ፍግ ማለት በደንብ የበሰበሰ እበት ነው። ችግኙንም ሰጡን። ሲሰጡን ቢላዋውን መጀመሪያ እሳት ላይ አሳዩት። እንሰትን የሚያጠወልግ በሽታ አለ። ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሄደው በቢላዋ ነው። በእሳት ያልተለበለበ ቢላዋ እንሰት ላይ አይነሳም።

ጌሾው አፉ በተሰበረ አሮጌ ጋን ውስጥ ተተከለ። ውሃ እንዳይተኛበት የጋኑን ቂጥ በሳነው። እስካሁን ቅጠል አውጥቷል።

ቆስጣና ቀይ ሥር በማዳበሪያ ናቸው። በከተማ ማዳበሪያ የሚባለው ከረጢቱም ነው። መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር ይደረደራል፤ ውሃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች እንዲደርስ። ዙሪያውን አፈርና ፍግ ይሞላል። ጎኑ እየተበሳ ችግኝ ይሰካበታል። አንድ ከረጢት የአንድ መደብ ያህል ያበቅላል። የቀይ ሥር ቅጠሉንም እንደ ጎመን ቀቅለን እንበላለን። ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ አትጣሉት።

ውሃ የምናጠጣው ከበርሜሉ ነው። ከእኛ በታች የሚወርደው ጅረት ቅርብ ነበር፤ አንነካውም። የከተማው ወንዞች የሰውና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዘው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በበቀለ አትክልት ውስጥ ጤና የሚጎዳ ብረታ ብረት መገኘቱን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ያ ታጥቦም ተቀቅሎም አይለቅም።

የቀረው ስጋት ውርጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የእንጦጦ ብርድ ቅጠል ያቃጥላል። እማማ "ቅጠሉ ቢጠቁርም ልቡ አይሞትም፣ አይዟችሁ" ብለውናል። የዶርዜ ተራራም ብርድ ነው።

እንሰቱ እስኪደርስ ገና ብዙ ዓመት አለው። ጠጁ ለገና ይደርሳል። በእናንተ አገር ኮባ ምን ያደርጋል? ግንዱን ወይም ሥሩን የሚበላ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ታውቃላችሁ ወይ? በእጃችሁ ጻፉልን። ደብዳቤው ሁለት መስመር ቢሆንም ግድ የለም።