የድንገተኛ ሕክምና ሐኪምና የተራው ሥርዐት

በመርካቶ ገበያ ከማለዳ እስከ ማታ ሸክም ይወርዳል፥ ጋሪ ይገፋል፥ ሰውና መኪና በጠባብ መንገድ ይጋፋል። ስለዚህ ከፎቅ የሚወድቅ፥ ጭነት የሚወድቅበት፥ መኪና የሚገጨው ሰው አይታጣም። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ፥ የመንገዱ ጥበት እሳት አጥፊዎችን ምን ያህል እንዳስቸገረ ብዙዎች ያስታውሳሉ።

እንዲህ ባለ አደጋ የተጐዳውን የሚቀበለው የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ነው። ቀድሞ ይህን ሙያ ለይቶ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአገራችን አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጀመረ። ተማሪው አስቀድሞ ጠቅላላውን ሕክምና ፈጽሞ፥ ከዚያ በኋላ ይህንኑ ሙያ 3 ዓመት ይማራል። የሚማረውም የደዌው ስም ገና ሳይታወቅ ነፍስን ማቆየት ነው፤ ይኸውም ጉሮሮው እንዳይዘጋ፥ ትንፋሹ እንዳይቋረጥ፥ ደሙ ፈስሶ እንዳያልቅ መጠበቅ ነው።

በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ለቃጠሎና ለድንገተኛ አደጋ የቆመው ሆስፒታል ስሙ አቤት ይባላል። አቤት የተጠራ ሰው የሚመልሰው ቃል ነው፤ የተበደለም ሰው ወደ ዳኛ የሚጮኸው ቃል ነው። ስሙ ለሥራው የተገባ ነው፤ የድንገተኛ ሐኪም ለሚጠራው ሁሉ አቤት ባይ ሲሆን፥ ማን እንደሚቀድም የሚፈርድ ዳኛም ነውና።

በዚህ ፍርድ ቀድሞ የመጣ አይቀድምም፥ ባለ ማዕርግም አይቀድምም፤ የሚቀድመው ነፍሱ ለመውጣት የቀረበችው ነው። በሽተኛው በደጅ ተመርምሮ በቀለም ይለያል፤ ቀይ የተሰጠው ወዲያው ይገባል፥ አረንጓዴ የተሰጠው ይቆያል። እንግዲህ እጁ የተሰበረ መኰንን ተቀምጦ ሳለ፥ ደረቱ የተደቈሰ ተሸካሚ ቢቀድመው ንቀት አይደለም። ተራ ለመዝለል ባለ ሥልጣን ዘመድን በስልክ ማስነገር ግን የሌላውን ሰው ደቂቃ መውሰድ ነው፤ ያችም ደቂቃ ነፍሱ ልትሆን ትችላለች።

ለቤተ ሰብም የሚገባ ሥራ አለ። የተቃጠለውን ገላ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሳይቀቡ፥ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሀ 20 ደቂቃ ማብረድ፤ የሚፈሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፤ ከከፍታ የወደቀውን አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት ነው።

ይህንን ሁሉ፥ ይልቁንም ተራን ማክበር፥ ለልጆቻችን እናስተምር። ዛሬ በአረንጓዴ ምልክት የቈየ ሰው ነገ በቀይ ምልክት ቢመጣ፥ የሚያስቀድመው ያው ሥርዐት ነው።